መንገዱን በሌሊት ለኩት

ገጠር ልትገቡ የምታስቡ ወጣት ወላጆች፣ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት ባልና ሚስት ሊያማክሩኝ ቤቴ መጡ። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ትልቁ አራት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና ዳዴ ትላለች። ከተማው ሰልችቷቸዋል። ጭሱ፣ ጫጫታው፣ ልጅ ከበር ወጥቶ ሊሮጥበት የማይደፍረው መንገድ። ገጠር ውስጥ ቤት አግኝተው ፎቶውን በስልክ አሳዩኝ፤ ዛፍ አለ፣ ሜዳ አለ፣ ከበስተጀርባው ኮረብታ ይታያል። "ለልጆቹ ብለን ነው ዶክተር" አሉኝ። ፈገግ አልኩ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ጓዛችንን ጠቅልለን ስንወጣ እኔም ለባለቤቴ ያልኳት ይህንኑ ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ ለልጆቹ ብዬ አልነበረም። የደከመኝ እኔ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ የታመመ ሕፃን ሳይ ውዬ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዝምታ መስማት ፈለግሁ። ይህ ነውር የለበትም። ነገር ግን ልጁን ሽፋን አድርጎ የሄደ ወላጅ ኋላ ልጁ ደስ ካላለው ይናደዳል፤ "ለአንተ ብዬ ከተማ ጥዬ መጥቼ!" ይለዋል። የሦስት ዓመት ልጅ መቼ አስመጣኝ አለ? ስለዚህ መጀመሪያ ገጠሩን የሚፈልገው ማን እንደሆነ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። አንዳችሁ ብቻ ከሆናችሁ ሌላኛው ምን እንደሚከፍል አብራችሁ አስሉት። እኛ አላሰላነውም።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዋናነት ለእሱ ነው።

ቤቱን ያየነው በበጋ፣ እሑድ ጠዋት ነበር። ከምሠራበት ሆስፒታል 38 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በመኪና አርባ ደቂቃ ፈጀብን። አርባ ደቂቃ ምን አላት ብዬ ፈረምኩ። ከገባን በሰባተኛው ወር፣ ክረምቱ ሲበረታ፣ ትንሹ ልጄ አተኮሰው። ዓመት ከአንድ ወሩ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ባለቤቴ ስሜን ጠርታ ጮኸች። ሮጬ ስገባ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጣል። እኔ እንግዲህ ለሰው ወላጅ በየሳምንቱ "አይዟችሁ፣ አትደንግጡ፣ የትኩሳት ነው" የምል ሰው ነኝ። እጄ ተንቀጥቅጦ የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት አቃተኝ።

ለማታውቁት፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ትኩሳት እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ አብዛኛው ከአምስት ደቂቃ በታች ራሱ ያቆማል። ልጁን በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አለመክተት፣ ሰዓት መመልከት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ልጁ ቶሎ ካልነቃ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና። የልጄ በሦስተኛው ደቂቃ ቆመ። ሆኖም ትኩሳቱ ከየት እንደመጣ በቤት ውስጥ ማወቅ አልቻልኩም፤ የማጅራት ገትርን ሳላጣራ የሚያድር ሐኪም የለም። ትልቋን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ሁላችንም መኪና ውስጥ ገባን።

በበጋ ጎማ እንኳ የማያርስ የነበረው ጅረት በመንገዱ ላይ ይፈስሳል። መብራቱን አብርቼ ውኃው ውስጥ የተተከለ አንድ እንጨት እያየሁ ተቀመጥኩ፤ እንጨቱ ሲገለጥ ውኃው ጎደለ ማለት ነው። ሰዓት ከሩብ ጠበቅን። ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። ሆስፒታል ስንደርስ ከቤት ከወጣን ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሆኖን ነበር። ጆሮው ነው የታመመው፤ በሳምንቱ ዳነ። እኔ ግን ያንን እንጨት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ቤት ያየ ወጣት ሁሉ ሲመጣብኝ ስለ ጓሮው አልጠይቅም። በክረምት ሄዳችኋል? በሌሊት ሄዳችኋል? ልጆቹን ይዛችሁ? መኪናው ቢበላሽ የማን መኪና አለ? ስልክ መኝታ ቤቱ ውስጥ ይሠራል ወይስ ኮረብታው ላይ መውጣት ያስፈልጋል? ሻጭ "ቅርብ ነው" ሲላችሁ የሚናገረው ስለ በጋ እሑድ ነው። እናንተ ደግሞ የምትኖሩት ዓመቱን ሙሉ ነው። የምትደርሱበት ጤና ጣቢያ ሌሊት ክፍት መሆኑን፣ ለሕፃን የሚሆን ኦክስጅን ያለው መሆኑን በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። የልጆቹን የክትባት ካርድ ጓዝ ውስጥ አትቅበሩት፤ ቀጣዩ ክትባት የት እንደሚሰጥ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚሰጥ ሳትሄዱ እወቁ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ስለዚህ መብራት በሚጠፋበት ቦታ ማቀዝቀዣው በምን እንደሚሠራ መጠየቅ ጥጋብ አይደለም።

ርቀት ግን የሕመም ብቻ አይደለም። እኔ ጠዋት ልጆቹ ተኝተው እወጣለሁ፣ ማታ ተኝተው እገባለሁ። ለልጆቹ ብዬ የሄድኩት ሰውዬ ልጆቹን ያየሁት ቅዳሜና እሑድ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ሥራዋን ትታ ነበር የመጣችው። በአራተኛው ወር አንድ ማታ እራት እየበላሁ ውሎዬን ስተርክላት ዝም ብላ አዳመጠችኝና "ዛሬ ከአራት ዓመት ልጅ በላይ የሆነ ሰው አላናገርኩም፤ ትናንትም" አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ቢኖርባት ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ በሥራዬ ላይ የማላስተውለውን ማስተዋል ጀመርኩ። ከከተማ ወጥተው ከሰፈሩ ቤተሰቦች የሚመጡ ልጆች ብዙዎቹ ጤነኞች ነበሩ፤ የገረጣችው እናትየዋ ነበረች። እህት የለ፣ ጎረቤት የለ፣ "እስኪ ይህን ልጅ ለአንድ ሰዓት ያዥልኝ" የምትላት ሰው የለም። ሰፊ ሜዳ ሕፃን አይዝም። እንዲያውም የከተማው ጠባብ ቤት ይሻላል፤ በሩ ይቆለፋል። የገጠር ግቢ ውስጥ ዳዴ የሚል ልጅ ካለ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ከኋላው ነው። ስለዚህ አንድ የምታውቁት ሰው ያለበትን መንደር ከሚያምረው መንደር አስቀድሙ። ከሌለ ከመግባታችሁ በፊት ተዋወቁ፤ ከገባችሁ በኋላ እርዳታ ለመጠየቅ ፊት የሚገኘው ቀድሞ ሰላም ከተባለ ነው።

ውኃውን በተመለከተ አጠር ላድርገው፤ የቧንቧ ውኃ የለመደ ሰው ግን ያልፈዋልና አልዘለውም። የጉድጓድ ውኃ ጠርቶ መታየቱ ምንም አይነግራችሁም። ሽንት ቤቱ ወይም የከብቱ በረት ከጉድጓዱ በላይ ተዳፋቱ ላይ ካለ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወደ ታች ያወርደዋል፤ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ይልቁንም ከታች በኩል ይሁን። ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል፤ አንድ ደቂቃ በደንብ ከተንተከተከ ይበቃል፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ። ማዳበሪያ ከተረጨበት ማሳ የሚገባውን ናይትሬትና ከአለት የሚወጣውን ፍሎራይድ ግን ማፍላት አያጠፋውም፤ ውኃው ሲተን ጭራሽ ያከማቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለናይትሬት በሊትር 50 ሚሊ ግራም፣ ለፍሎራይድ 1.5 ሚሊ ግራም ጣሪያ አስቀምጧል። ናይትሬት ባለበት ውኃ የዱቄት ወተት የሚበጠበጥለት ጨቅላ ደሙ ኦክስጅን መሸከም አቅቶት ከንፈሩ ሊጠቁር ይችላል፤ የፍሎራይድ ጥርስ ደግሞ አንዴ ከበለዘ አይመለስም። ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ውኃውን ላቦራቶሪ አስመርምሩ። የቤቱን ጣሪያ ለማየት አናጺ ትወስዱ የለ?

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ዕቃ ቤቱ ነው። ፀረ ተባይ መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ጎልማሳው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የሦስት ዓመቱ ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው። እንዲህ ጠጥተው የመጡ ልጆች አክሜያለሁ፤ ምራቃቸው እንደ ውኃ ይወርዳል፣ የዓይናቸው ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል። ሁሉንም አላዳንኳቸውም። አዲሱ ቤት ስትደርሱ አልጋ ከመዘርጋታችሁ በፊት ዕቃ ቤቱን ቆልፉ፣ ጉድጓዱን ልጅ በማያነሳው ክዳን ክደኑ፣ ውኃ ያለበትን ባልዲ ድፉ። ዳዴ የሚል ሕፃን በጥቂት ሴንቲሜትር ውኃ ይሰጥማል፤ ሲሰጥም ደግሞ አይጮህም።

ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ስትቆጥሩት ረጅም ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ለክትባት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ቤት ውስጥ ለተቅማጥ የሚሆነው ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ አይጥፋ። ጎረቤት ማር ይዞ ቢመጣ ምስጋናው ለእሱ፣ ማሩ ለእናንተ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አታቅምሱት፣ በአንጀቱ ውስጥ መርዝ የሚፈጥር ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል።

ይህን ሁሉ ስል አትሂዱ እያልኩ አይደለም። ገጠር ለልጅ የሚሰጠውን እኔም አይቻለሁ፣ ከኔ የበለጡትም አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ አንድ ጥናት ሁልጊዜ ይገርመኛል። አሜሪካ ውስጥ አሚሽና ሁተራይት የሚባሉ ሁለት ገበሬ ማኅበረሰቦች አሉ፤ ዝርያቸው የተቀራረበ ነው፣ አኗኗራቸውም በብዙ ይመሳሰላል። ከአሚሽ ልጆች አስም ያለበት 5 ከመቶ ገደማ ሲሆን ከሁተራይቶቹ ግን 21 ከመቶ ገደማ ነው። ሁለቱም ገጠር ናቸው! ልዩነቱ አሚሾቹ ከብቶቻቸውን ቤታቸው አጠገብ አርብተው ልጆቻቸው በረት ውስጥ ሲያድጉ፣ ሁተራይቶቹ በማሽን የሚሠራ ትልቅ እርሻ ከመንደሩ አርቀው ማስቀመጣቸው ነው። ተመራማሪዎቹ የቤቱን አቧራ ሳይቀር መዝነዋል፤ በአሚሽ ቤት ያለው የጀርም ቅሪት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ገጠር ገብታችሁ ግቢውን በግንብ አጥራችሁ፣ ልጁን ቴሌቪዥን ፊት ካስቀመጣችሁት አድራሻ ነው የቀየራችሁት። ልጁ ይቆሽሽ። እጁን ከበረት ሲወጣና ሳይበላ በፊት አስታጥቡት እንጂ ከበረት አታግዱት። ደግሞም ከጥቅሙ ከፊሉን ከተማም ሆናችሁ ታገኙታላችሁ፤ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ውጭ የሚውል ልጅ ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር የመያዝ ዕድሉ እንደሚቀንስ ታይቶ ታይዋን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቿ ልጆችን በቀን 120 ደቂቃ ደጅ እንዲያውሉ አበረታታለች። ለዚያ ጓዝ መጠቅለል አያስፈልግም።

ልጆቹስ ምን ይሰማቸዋል? ወላጅ "ገና ትንንሽ ናቸው፣ አያውቁም" ይላል። የአራት ዓመቷ ልጄ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጥንዚዛ ስታሳድድ ዋለች፤ እኛም ለመደችው ብለን ተደሰትን። በሦስተኛው ሳምንት ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆመች። "እሺ በቃ፣ አሁን ወደ ቤታችን እንሂድ" አለች። ለካ እንግድነት መስሏታል። ከመሄዳችን በፊት ባዶውን ቤት አላሳየናትም፣ የጎረቤቷን ልጅ አላሰናበትናትም፤ እንዳታለቅስ ብለን ተኝታ ነው መኪና ላይ የጫንናት። አልጋዋን እንድታረጥብ ያደረጋት ይህ ነው እላለሁ፤ ሁለት ወር አርጥባለች። ባዶ ቤት አሳዩአቸው። ያልቅሱ። አዲሱ ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ የሚፈታው ጓዝ የእነሱ ይሁን፤ ያንኑ አንሶላ ሳታጥቡ አንጥፉላቸው።

አንድ የገንዘብ ነገር ብቻ ልጨምር። የከተማውን ቤት አትሽጡ። ገጠሩን መጀመሪያ ተከራዩት፤ አንድ ዓመት፣ ክረምቱን ጨምሮ። ሳይሸጥ የሄደ ሰው ቢመለስ ጉዞ ነበር ይላል፤ ሸጦ የሄደ ግን ባይስማማውም በእልህ ይቀመጣል፣ ልጆቹም አብረው በእልህ ያድጋሉ። እኛ ስድስት ዓመት ቆይተን ልጅቷ ለትምህርት ስትደርስ ሳይሆን ሚስቴ ሥራ ስታገኝ ነው የተመለስነው። ልጆቹ አልቅሰው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ያ ነበር ቤታቸው።

ያቺ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ የቆመችው ልጄ ዛሬ ሁለት ልጆች አሏት። ባለፈው ክረምት ስልክ ደውላ "አባዬ፣ ገጠር ልንገባ ነው" አለችኝ። ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ከዚያ "በሌሊት ሄዳችሁ አይታችሁታል?" አልኳት። ሳቀች፤ "አንተና ጅረትህ!" አለች። በሳምንቱ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። የዝናቡ ድምፅ ከድምፅዋ በላይ ይሰማል።

"አባዬ፣ ድልድዩ ላይ ነን። ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል። ገና ግማሹን አልሄድንም።"

"ሰዓቱን ጻፊው" አልኳት።