ማስተርሷን በእፅዋት ልትቀጥል ላሰበችው እህታችን

«ባዮሎጂ ተመርቄያለሁ። ማስተርሴን ቦታኒ ልማር ወይስ ፕላንት ባዮሎጂ? ላቲን ማወቅስ ግድ ነው? ሒሳብ ላይም ደካማ ነኝ» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በታክሶኖሚ (ተክሎችን በመለየት፣ በመመደብና በመሰየም ሥራ) ጀምሬ ኋላ ወደ ላብ የዞርኩ ሰው ስለሆንኩ ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ልንገርሽ።

እህቴ፣ ስሙ አያስጨንቅሽ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ቦታኒ ይለዋል፣ ሌላው ፕላንት ባዮሎጂ። ውስጡ ስትገቢ ሁለቱም ጋ ፊዚዮሎጂም፣ ኢኮሎጂም፣ ጄኔቲክስም አለ። ቀንሽ በምን እንደሚያልፍ የሚወስነው የአማካሪሽ ሥራ ነው። ስለዚህ ሰውየው ምን እንደሚሠራ እዪ።

የመስክ ሥራ ከሩቅ ሲታይ ሽርሽር ይመስላል። ተክሉን ከነአበባው፣ ከተገኘም ከነፍሬው ትቆርጫለሽ። ጋዜጣ ላይ ትዘረጊዋለሽ። አንድ ሁለት ቅጠል ገልብጠሽ ጀርባው እንዲታይ ታደርጊና በፕሬስ (ተክል ተጭኖ በሚደርቅበት መጫኛ) ታጠብቂያለሽ። ማታ እግርሽ ዝሎ ስትመለሺ ግን ሥራው ገና ነው፤ የረጠበው ወረቀት ሁሉ በደረቅ መቀየር አለበት። እኔ በመጀመሪያ ጉዞዬ «ነገ እቀይረዋለሁ» ብዬ ተኛሁ። በማግስቱም እንደዚያው። ስከፍተው ግማሹ ሻግቷል። ከሻጋታው የተረፈችው አንዷ ናሙና ደግሞ አበባዋ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ቀለሙ ምን ነበር ብዬ ማስታወሻዬን ባይ «ቆንጆ አበባ» ይላል። አማካሪዬ አነበበና ዝም አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር! ከዚያ ወዲህ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ የተክሉን ቁመትና የቦታውን ከፍታ ሳልጽፍ መቀስ አላነሳም።

ላብ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አማካሪሽ በአረቢዶፕሲስ፣ ተመራማሪዎች ለሙከራ በብዛት በሚጠቀሙባት ትንሽ ተክል፣ የሚሠራ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። ሙሉ ጂኖሙ (የዲኤንኤው ሙሉ ቅደም ተከተል) እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል፤ ከዘር ተነስቶ ዘር እስኪሰጥ 6 ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ሙከራሽ ቢበላሽ እንደገና ትዘሪያለሽ። የዱር ተክል ግን እንዲህ አይመችም። ዲኤንኤውን ለማውጣት ስትሞክሪ ስኳር መሰል ውህዶቹና ፖሊፌኖሎቹ (የተቆረጠ ቅጠልን ቡናማ የሚያደርጉት ውህዶች) ከዲኤንኤው ጋር ይጣበቁና ቲዩብሽ ውስጥ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይቀርሻል። እኔ ሳምንታት የፈጀሁት እዚህ ላይ ነው። መስክ ስትወጪ ከእያንዳንዱ ተክል ትንሽ ቅጠል ቀደሽ ወዲያው ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጠጠር መሰል ነገር) ውስጥ ጨምሪ። ፕሬስ ውስጥ ቀስ ብሎ ከደረቀው ቅጠል ይልቅ ይሄኛው ዲኤንኤውን በደንብ ያቆይልሻል።

ላቲኑን ተዪው። ድሮ አዲስ ዝርያ ሲገኝ መግለጫው በላቲን ካልተጻፈ ስሙ ተቀባይነት አያገኝም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ እንግሊዝኛም ይበቃል። ስሙ ራሱ ግን አሁንም የላቲን መልክ ይይዛል።

ሒሳቡን በተመለከተ ግን አላባብልሽም፤ ስታቲስቲክስ አታመልጪም። አር የሚባለውን ሶፍትዌር ከአሁኑ ነካ ነካ አድርጊው። ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ልንገርሽ። ከ4 ተክሎች ላይ 40 ቅጠል ለክተሽ «ናሙናዬ 40 ነው» ብትዪ ፈታኞቹ አይለቁሽም። የአንድ ተክል ቅጠሎች የአንድ እናት ልጆች እንኳ አይደሉም፣ ያው አንድ አካል ናቸው። ተክሎችን ለማወዳደር ከሆነ ያለሽ 4 ነው። ይሄን ዳታ ከሰበሰቡ በኋላ መስማት ያማል፤ ስለዚህ ትንተናውን ከመሰብሰብሽ በፊት አስቢው።

ለአማካሪ ስትጽፊ ከሥራዎቹ ሁለቱን አንብቢና የገረመሽን ነገር ጥቀሺ። ለሁሉም የሚላክ ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። ከዚያ ተማሪዎቹን ለብቻቸው አግኝተሽ ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፦ በስንት ዓመት ጨረሳችሁ? የመስክ ወጪውን ማን ቻለ? ጽሑፉ ሲታተም የማን ስም ቀደመ? መልሱን ከመስጠታቸው በፊት እርስ በርስ ከተያዩ ሌላ አማካሪ ፈልጊ።