በኮሮና ጊዜ ለወላጆች ስለጻፍኳቸው ደብዳቤዎች የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

በኮሮና ዓመታት ርዕሰ መምህር ነበርኩ። ዓርብ ዓርብ ማታ ለተማሪ ቤተሰቦች ደብዳቤ እልክ ነበር፤ የባሰበት ሳምንት ሦስት ጊዜ የጻፍኩበትም አለ። ይህን ካነሳሁ ወዲህ ወላጆችም፣ እንደኔው ርዕሰ መምህር የነበራችሁም ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። የምችለውን እመልሳለሁ። የትምህርት ቤቱንም ሆነ የማንንም ስም አልጠራም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ደብዳቤ ምን ይል ነበር?

የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኝ ነው ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው። እኔ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ ነበር፤ «ትምህርት ለሁለት ሳምንት ተቋርጧል» ብዬ። ያቺ «ሁለት ሳምንት» ናት ኋላ ያሳፈረችኝ። ከበላይ የመጣው ትእዛዝ እንዲያ ስለሚል ነው የጻፍኳት፤ ግን ከሥሯ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ ከ190 በሚበልጡ አገሮች ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በዩኔስኮ ቆጠራ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ዋለ። በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የመክፈቻ ቀን መጻፍ ተውኩ። የምጽፈው የሚቀጥለውን ደብዳቤ ቀን ብቻ ሆነ፦ «ውሳኔ ቢመጣም ባይመጣም ዓርብ ማታ እጽፍላችኋለሁ።» ምንም አዲስ ነገር በሌለበት ሳምንትም «አዲስ ነገር የለም» ብዬ ላክሁ። ጸሐፊዋ ሳቀችብኝ። በኋላ አንድ አባት በር ላይ አግኝተውኝ «ያቺ ምንም የለም ያሉባት ደብዳቤ ናት እንቅልፍ የሰጠችኝ» አሉኝ።

ጥያቄ፦ አንድ ልጅ ሲያዝ ስሙን ለምን ትደብቁ ነበር? የኔ ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ ቢሆንስ?

አጠገቡ ተቀምጦ ከነበረ በደብዳቤ አይነገርዎትም፤ ስልክ ይደወልልዎታል። ደብዳቤው ለሁሉም ነው፣ ስልኩ ንክኪ ላለው ብቻ። ስሙ የማይጻፈው ሕመሙ የቤተሰቡ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ የአንዱን ልጅ ስም ካወጣሁ የሚቀጥለው ወላጅ «ትንሽ ጉንፋን ነው» ብሎ ልጁን ይልክብኛል።

ይህን የተማርኩት በጥፋቴ ነው። አንድ ቀን «ሐሙስ ዕለት ከአራተኛ ክፍል የቀረ አንድ ተማሪ በምርመራ ቫይረሱ ተገኝቶበታል» ብዬ ጻፍኩ። ስም የለበትም፣ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኛል። ሐሙስ ዕለት ግን ከዚያ ክፍል የቀረው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፣ እናቶቹ ተደዋውለው አወቁት። የልጁ እናት ደወሉልኝ። አልጮኹም። «መልኩን ከሳሉት በኋላ ስሙን ቢተዉት ምን ይጠቅመኛል?» ብቻ አሉ። ልጁ ድኖ ሲመለስ ዴስኩን ብቻውን በሩ ጥግ ተገፍቶ አገኘው። ማን እንደገፋው አልተገኘም፤ መምህሩም አላየሁም አለ።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመሄዱ በፊት ለጸሐፊዋ አነብላትና «ማን እንደሆነ አወቅሽ?» እላታለሁ። ካወቀች እንደገና እጽፋለሁ። አንዱን ደብዳቤ አራት ጊዜ አስጽፋኛለች። «አንድ የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ አባል» የምትለው ድርቅ ያለች አባባል የመጣችው ከዚህ ነው። ብዙዎቻችሁ ስታሾፉባት እንደነበር አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ «የቅርብ ንክኪ» የምትሉት በምን ይለካ ነበር? እንደፈለጋችሁ ይመስል ነበር።

በርቀትና በጊዜ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት ፊት ለፊት ከ15 ደቂቃ በላይ የቆየውን ይቆጥር ነበር። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ደግሞ ርቀቱን ወደ 1.8 ሜትር ግድም አድርጎ፣ 15ቱን ደቂቃ በ24 ሰዓት ውስጥ ተደምሮ ነበር የሚቆጥረው። እኛ ጋ ችግሩ ልጅ አንድ ቦታ አለመቀመጡ ነው። እያንዳንዱ መምህር የመቀመጫ ንድፍ በእርሳስ እንዲያወጣና ልጅ ቦታ በቀየረ ቁጥር እንዲያስተካክል አደረግን። በእስክሪብቶ ያወጣው አንድ መምህር በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ቀዶ ጣለው።

ጥያቄ፦ ንክኪ ያለው ልጅ ቤት ይቆይ የምትሉት መጀመሪያ 14 ቀን፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 5። የማታውቁትን ነበር የምትነግሩን?

ሳይንሱ እየተማረ ነበር፣ እኛም ከኋላው እየሮጥን። 14 ቀን የተባለው ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ እስከዚያ ሊቆይ ስለሚችል ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ግን በ5ኛው ቀን ግድም ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የአሜሪካው ማዕከል ምልክት ለሌለው ሰው 10 ቀን፣ ተመርምሮ ነፃ ለተባለ ደግሞ 7 ቀን ይበቃል አለ። በ2021 መጨረሻ ወደ 5 አወረደውና ከዚያ በኋላ ላሉት ቀናት ማስክ ጨመረበት። ብዙ አገርም በየራሱ መንገድ ቀየረ።

የኔ ጥፋት ሌላ ነው፤ ቀን መቁጠሩን ለወላጅ ትቼው ነበር። የመጨረሻው ንክኪ በተደረገ ማግስት ያለው ቀን ነው «ቀን አንድ»፤ ይህንን ግማሹ ወላጅ በአንድ ቀን ያስቀድመዋል፣ ግማሹ ያዘገየዋል። ኋላ ላይ ቁጥሩን ትቼ «ማክሰኞ ጠዋት ይመለሳል» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ክርክሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆመ።

ጥያቄ፦ ልጄ ተመርምራ «ኔጌቲቭ» የሚል ወረቀት ይዛ መጥታ ከበር መልሳችኋታል።

ንክኪ በተፈጠረ በሁለተኛው ቀን የተደረገ ምርመራ ከሆነ ወረቀቱ ብዙ አይናገርም። ቫይረሱ ምርመራው ሊያገኘው እስኪችል ድረስ መራባት አለበት። የዛሬ ነፃ የነገ ነፃ አይደለም። ተቃራኒውም ነበር፤ የዳነች ልጅ ፒሲአር በሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ስትመረመር ለሳምንታት «ፖዘቲቭ» ልትባል ትችላለች፣ ከእንግዲህ ግን አታስተላልፍም። ስለዚህ «ኔጌቲቭ ወረቀት ካላመጣች አትገባም» የሚል ትምህርት ቤት ካለ እሱም ተሳስቶ ነበር። እኛም አንድ ወር ያህል ተሳስተናል።

ጥያቄ፦ ማስክ ለትንንሾቹ?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በኦገስት 2020 ባወጡት ምክር እስከ 5 ዓመት ያሉት ማድረግ አይጠበቅባቸውም፤ ከ6 እስከ 11 እንደ ሁኔታው፤ ከ12 ጀምሮ እንደ አዋቂ። እንደዚያው ሄድን። የአንደኛ ክፍል መምህራን ተቸግረው ነበር፤ ፊደል የምታስተምር መምህርት አፏ ካልታየ ልጁ «ጸ»ን ከ«ጠ» በምን ይለይ?

ጥያቄ፦ በየጠዋቱ በር ላይ የምትለኩት ሙቀትና የምትረጩት ክሎሪን እውነት ረድቷል?

እንደልፋቱ አልረዳም። የተያዙ ልጆች ብዙዎቹ ትኩሳት አልነበራቸውም፤ ትልቅ ሰውም ቢሆን ምልክት ከማሳየቱ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ማስተላለፍ ይችላል። በዚያ ላይ ግንባር ላይ የሚደገነው መለኪያ በብርድ ጠዋት 34 ይላል። እንደሱ ከሆነ ግማሹ ተማሪ ሆስፒታል መተኛት ነበረበት።

ስለ ክሎሪኑ ከጠየቃችሁኝ፣ በጣም የምጸጸተው እሱን በፎቶ አስደግፌ በደብዳቤ መላኬን ነው። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ጋኑን ተሸክሞ ክፍል ሲረጭ የሚያሳይ ፎቶ። እንደሱ ያለ ምስጋና ያገኘ ደብዳቤ የለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ያኔውኑ በሜይ 2020 ኬሚካል መርጨት ብዙ እንደማይፈይድ፣ በሰው ላይ መርጨት ደግሞ ከቶ እንደማይመከር ተናግሯል። በደንብ የረዳን መስኮት ነበር። በሽታው በአብዛኛው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ አየሩ ከወጣ ቫይረሱም ይወጣል። የሳይንስ መምህራችን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ተውሶ አመጣ፤ ስንተነፍስ የምናወጣው ጋዝ ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ካለ ክፍሉ ውስጥ የታመቀ ትንፋሽ በዝቷል ማለት ነው። ውጭ 400 እና ትንሽ ይላል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ልጆቹ አንድ ክፍለ ጊዜ ከተቀመጡ በኋላ ግን ከ1500 አለፈ። ሁለት መስኮትና በሩን ከፍተን ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ወርዶ አገኘነው። ያንን ግን ፎቶ አንስቼ አላክሁም። የተከፈተ መስኮት ፎቶ ማን ያመሰግናል?

ጥያቄ (ከአንድ ርዕሰ መምህር)፦ ውሳኔው በእጅህ ሳይሆን ወላጅ ሲያፋጥጥህ ምን ትጽፍ ነበር?

የተለወጠውን፣ ያልተለወጠውን፣ ወላጅ እስከ ሰኞ ማድረግ ያለበትን አንድ ነገር፣ የሚቀጥለውን ደብዳቤ ቀን። ከዚህ ካለፈ አይነበብም። እሱም ቢሆን ብዙ ሰው አያነበውም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ሁለት ደቂቃ በማትሞላ ድምፅ ቀድቼ በስልክ እልክ ነበር። ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ ማንበብ የማይችሉ አያት ነበሩ። መጀመሪያ የላክሁላቸው ቀን ደውለው «ልጄ፣ ሳል አለብህ እንዴ? ተመርመር» አሉኝ። ተመረመርኩ፤ ነፃ ነበርኩ።

ጥያቄ፦ ልጄ ቤት ሆኖ ምንም አልተማረም። የናንተ ደብዳቤ ግን «የርቀት ትምህርቱ በጥሩ ሁኔታ ቀጥሏል» ይል ነበር።

ጽፌዋለሁ፤ መጻፍ አልነበረብኝም። እንደ ተከታተለ የምንቆጥረው በዙም ስሙ የታየውን ልጅ ነበር። ስሙ ይታያል፣ ልጁ የለም። አንድ ስልክ ለሦስት ልጅ በሆነበት ቤት ደግሞ ትልቁ ይማራል፣ ትንሹ ይተኛል። የታተመ መልመጃ በር ላይ አስቀምጠን ወላጅ እየመጣ እንዲወስድ አደረግን፤ ሳይወሰድ የቀረውን ቁልል በየሳምንቱ አየው ነበር። ቁልሉን እያየሁ «በጥሩ ሁኔታ» ብዬ ጻፍኩ። ሰው እንዳይረበሽ ብዬ ነው፤ ግን ወላጁ ቤቱ ያለውን እያየ ደብዳቤዬን ሲያነብ ሌላውንም ያላመነኝ ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ሲመለሱ አምስተኛ ክፍልን ከአራተኛው መጽሐፍ ነው የጀመርነው። እኛ ብቻ አልነበርንም፤ ዓለም ባንክ፣ ዩኒሴፍና ሌሎች በ2022 ባወጡት ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ቀላል ጽሑፍ አንብበው የማይረዱ የ10 ዓመት ልጆች ቁጥር ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው 57 በመቶ ወደ 70 በመቶ ገደማ ደርሷል።

ጥያቄ፦ ሰው ሞቶባችኋል?

አንድ የጥበቃ ሠራተኛ። ደብዳቤው አራት መስመር ነበር። ቤተሰቡ ምክንያቱ እንዳይጻፍ ስለጠየቁ አልጻፍኩም። «በኮሮና ነው?» እያለ የደወለውን ሁሉ «ቤተሰቡ ያሉትን ነው የምለው» እያልኩ መለስኩ። ይህንን ማንም ወላጅ ይቅር ያላለኝ ጊዜ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው አደርገዋለሁ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ደብዳቤ መቼ ተጻፈ?

የዓለም ጤና ድርጅት የአደጋ ጊዜው አበቃ ያለው በሜይ 5 ቀን 2023 ነው፤ የኛ ከዚያ በፊት ቆሟል። «ይህ የመጨረሻው ነው» ብዬ የጻፍኩት የለም። አንድ ዓርብ ቢሮ ስለተጠራቀሙ የጠፉ ሹራቦች ጻፍኩ፤ ስለ ኮሮና አንድም ቃል አልነበረበትም። ያንን ልብ ያለ ወላጅ አልነበረም። ሹራብ ፍለጋ ግን ሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ ሰው መጣ።