ሙዚየም ስትገቡ ተለያዩ

ውጭ የምንኖር ሰዎች ፈቃድ ወጥተን ስንጓዝ አንድ አመል አለን። ሁሉንም ካላየን ገንዘቡ የባከነ ይመስለናል። ዓመቱን ሙሉ አንዱ ከሥራ ሲገባ ሌላው ሲወጣ፣ በር ላይ ሰላም እየተባባሉ የከረሙ ባልና ሚስት እንደምንም ፈቃዳቸውን አገጣጥመው አንድ ሳምንት ያገኛሉ። ከዚያ ፓሪስ ወይ ሮም ይወርዱና ጠዋት ቤተ መንግሥት፣ ቀን ሙዚየም፣ ከሰዓት ካቴድራል፣ ማታ ግንብ እያሉ ሲሮጡ ሦስተኛው ቀን ላይ ይኮራረፋሉ። ኩርፊያው የመጣው በሥዕል አይደለም። በእርምጃ ነው። አንዷ እያንዳንዱን ጽሑፍ ሳታነብ አታልፍም፣ አንዱ ደግሞ አዳራሹን በዓይኑ ጠረግ አድርጎ የሚቀጥለው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። እሷ የሚጠብቃትን ሰው እያሰበች ታያለች፣ እሱ ሰዓቱን ያያል። ሁለቱም ምንም አላዩም።

ስለዚህ የእኔ ምክር አጭር ነው። ሙዚየም ስትገቡ ተለያዩ።

አትደንግጡ፣ ለአንድ ሰዓት ነው የምላችሁ። በር ላይ ሰዓትና ቦታ ትቀጣጠሩና በየፊናችሁ ትሄዳላችሁ። የቀጠሮው ቦታ ግን «መውጫው ጋ» አይሁን፤ ትልልቅ ሙዚየሞች መውጫቸው ብዙ ነው። ካፌውም አይሁን፤ ቀድሞ የደረሰው ቁጭ ብሎ ስልኩን መነካካት ይጀምርና ነገሩ በዚያው ይቀራል። አንድ የታወቀ ሥራ ፊት ይሁን። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ከሆናችሁ የሳሞትራኬዋ የድል ሐውልት ጋ ተቀጣጠሩ። ሰፊው ደረጃ አናት ላይ የቆመች፣ ክንፍ ያላት፣ ጭንቅላት የሌላት ሴት ናት፤ ከሩቅ ስለምትታይ ማንም አይስታትም። «ስደርስ እደውላለሁ» የሚለውን ደግሞ አትመኑት፣ ግድግዳው በወፈረ ሕንፃ ውስጥ ኔትወርክ የሚጠፋው ልክ ስትፈልጉት ነው።

ስትገናኙ «እንዴት ነበር?» አትባባሉ። መልሱ «አሪፍ ነበር» ሆኖ ያልቃል። እያንዳንዳችሁ አንድ ሥራ መርጣችሁ ኑ፣ አንድ ብቻ፤ ከዚያ አብራችሁ መጀመሪያ አንዳችሁ የመረጣችሁት ጋ፣ ቀጥሎ የሌላችሁ ጋ ሂዱ። ማብራሪያ የለም። ሌክቸር የለም። «ና ይቺን እያት» ብቻ። ብዙ ባለትዳሮች የሚገረሙት እዚህች ላይ ነው፤ ፈረስና ጦርነት ይመርጣል ብለሽ የጠበቅሽው ሰው ጥግ ላይ የተሰቀለች የሎሚና የብርጭቆ ሥዕል ፊት ወስዶ ያቆምሻል።

ይህን ለመሞከር ለንደን ጥሩ ከተማ ናት፤ ብሔራዊ ጋለሪውም፣ ብሪቲሽ ሙዚየምም፣ ቴት ሞደርንም ቋሚ ስብስባቸውን በነጻ ነው የሚያሳዩት። ነጻ መሆኑ ጭንቀት ይቀንሳል። አርባ ደቂቃ ቆይታችሁ ብትወጡ ማንም አይጠይቃችሁም፣ ነገ ትመለሳላችሁ። ብሔራዊ ጋለሪ ከገባችሁ ሠዓሊው ያን ቫን አይክ በ1434 የሣለውን የአርኖልፊኒን ባልና ሚስት አትለፉት (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ትንሽ ሥዕል ነው፣ ቁመቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይዘልም። ባልየው የሚስቱን እጅ ይዞ ቆሟል። እግራቸው ሥር ቡችላ አለ፣ የወለቀ ጫማ አለ፣ በጠራራ ቀን መቅረዙ ላይ አንዲት ሻማ በርታለች። አሁን ቀረብ በሉና ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ክብ መስተዋት እዩ። የባልና ሚስቱ ጀርባ ይታያል፣ ከእነሱ ባሻገር ደግሞ በሩ ላይ የቆሙ ሁለት ሌሎች ሰዎች አሉ። ከመስተዋቱ በላይ ሠዓሊው «ያን ቫን አይክ እዚህ ነበር» ብሎ ጽፏል። ለየብቻ አይታችሁት ስትገናኙ አንዳችሁ ቡችላውን ብቻ፣ ሌላችሁ መስተዋቱን ብቻ ልታዩ ትችላላችሁ። ወሬው የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

መለያየቱ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሠዓሊው ቫን ጎህ በ1885 ከአንድ ወዳጁ ጋር አምስተርዳም ራይክስሙዚየም ገብቶ የሬምብራንት «የአይሁድ ሙሽራ» የሚባለው ሥዕል ፊት ሲደርስ ተቀመጠ፣ ከዚያ ወዲያ አልንቀሳቀስም አለ። ወዳጁ ሌላውን ሊያይ ትቶት ሄደ፣ ዞሮ ሲመለስም እዚያው አገኘው። ደረቅ ዳቦ እየበላሁ እዚህ ሥዕል ፊት ሁለት ሳምንት መቀመጥ ብችል ከዕድሜዬ አሥር ዓመት እሰጥ ነበር ማለቱን ወዳጁ ኋላ ተናግሯል። እስቲ ይህን ሰው እጁን እየጎተቱ «ገና ሦስት ፎቅ ይቀረናል» ቢሉት ምን ይሆን ነበር? ሥዕሉን ስታዩት ይገባችኋል። ሰውየው እጁን ሴትየዋ ደረት ላይ አኑሯል፣ እሷ በጣቶቿ ጫፍ እጁን ነካ አድርጋዋለች። ከቅርብ ስታዩት የእጅጌው ወርቃማ ቀለም ከሸራው ወጥቶ በእጅ የሚያዝ ይመስላል፣ ያን ያህል ወፍራም ነው። በስልክ ፎቶ ይህ አይታይም። ጠባቂው ስለሚቆጣ ግን አፍንጫችሁን አታስጠጉት።

ሉቭር ያለችውን ሞና ሊዛን በተመለከተ፣ እዩዋት፤ ሳታዩ ብትመለሱ የሚጠይቃችሁ አይጠፋም። ነገር ግን 77 በ53 ሴንቲ ሜትር ናት፣ ወፍራም መስታወት ውስጥ ናት፣ ፊቷ ደግሞ ስልኩን ወደ ላይ የዘረጋ ሕዝብ አለ። ወረፋው ሲደርስ አንድ ደቂቃ አይታችሁ ዞር በሉ። ከጀርባችሁ ያለው የቬሮኔዜ «የቃና ሠርግ» ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው፤ በዚያ ክፍል ያለ ሰው አብዛኛው ጀርባውን ሰጥቶት ነው የሚቆመው። ሙዚቀኛውን፣ አሳላፊውን፣ ውሻውን እየፈለጋችሁ ግማሽ ሰዓት ታሳልፋላችሁ። ማንም አይገፋችሁም።

«ሥዕል አይገባኝም» የሚል ባል ወይም ሚስት ያላችሁም ትኖራላችሁ። አትከራከሩ፣ አታስገድዱ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያየ ያደገ ሰው የማድሪዱ ፕራዶ ወይም የፍሎረንሱ ኡፊዚ ሙዚየም ውስጥ ከብዙ ፈረንጅ የተሻለ ማንበብ ይችላል። ገብርኤል ማርያምን ሲያበሥር፣ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ጴጥሮስ ቁልፉን ይዞ ሲቆም ጽሑፍ ሳያነብ ያውቀዋል። የአገሩ ወጣቶች ግን ማን እንደሆነ ለማወቅ ካርዱ ላይ ያጎነብሳሉ። ቁርዓን የቀራ ሰው ደግሞ ስፔን፣ ግራናዳ ወዳለው የአልሐምብራ ቤተ መንግሥት ይሂድ፤ ግድግዳው ሁሉ ጽሑፍ ነው፣ «ወላ ጋሊበ ኢለላህ» (ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም) የሚለው ከላይ እስከ ታች ይደጋገማል። ሌላው ቱሪስት ጌጥ ብሎ የሚያልፈውን እሱ ያነበዋል። አይገባኝም ያለው ሰው አስረጂ ሲሆን ማየት በራሱ ደስ ይላል።

አሁን ወደ ሮም። ሮም ውስጥ ሥዕል ለማየት ሙዚየም መግባት ግዴታ አይደለም። ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከፓንቴዮን በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው። በግራ በኩል መጨረሻው ክፍል ውስጥ ሠዓሊው ካራቫጆ ስለ ቅዱስ ማቴዎስ የሣላቸው ሦስት ሥዕሎች አሉ። ቦታው ጨለምለም ያለ ነው። ሳንቲም የሚጎርስ የመብራት ሳጥን አለ፤ ሳንቲሙ ሲገባ ሥዕሎቹ ቦግ ይላሉ፣ ጥቂት ቆይቶ ጭልም። ጨለማው ውስጥ አሥራ ምናምን ሰው ቆሞ ሌላው እስኪከፍል ሲጠባበቅ ታያላችሁ፣ ሁሉም ኪሱን እንደረሳ ይመስላል። እናንተ ሳንቲም ይዛችሁ ሂዱ። መብራቱ ሲበራ መጀመሪያ በግራ ያለውን እዩት፤ ማቴዎስ ገንዘብ የሚቆጠርበት ጠረጴዛ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል፣ ክርስቶስ በቀኝ በኩል ገብቶ እጁን ዘርግቷል፣ ብርሃኑም አብሮት ከዚያው ወገን ይመጣል። ከተቀመጡት ማቴዎስ የትኛው ነው? ጢማሙ ሰውዬ ነው የሚሉ አሉ፣ አይ ያ ሳንቲም ላይ ያቀረቀረው ወጣት ነው የሚሉም አሉ። ተከራከሩ። ለእንዲህ ዓይነት ክርክር ሁለተኛ ሳንቲም መጣል ያዋጣል። ቤተ ክርስቲያኑ ቀትር ላይ ስለሚዘጋ በጠዋት ሂዱ።

ቫቲካን ለመግባት ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፣ ሙቀት ነው ብላችሁ በቁምጣ እንዳትሄዱ። ሲስቲን ቻፕል ውስጥ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም፣ ማድሪድ ፕራዶም እንዲሁ። እኔ በግሌ ይህ ክልከላ በየቦታው ቢኖር ደስ ይለኛል። ለሁለት ስንጓዝ ፎቶ ራሱን የቻለ የጠብ ምንጭ ነው፤ «ወፍራም አደረግከኝ»፣ «ድገሚው»፣ «ከኋላዬ ሰው ገባ» ሲባል ቀኑ ያልቃል። ከሙዚየም ውጭ የፈለጋችሁትን አንሱ። ውስጥ ግን ስልኩ ኪስ ይግባ። ሲስቲን ውስጥ ጣሪያውን አንገታችሁ እስኪቆለመም ቆማችሁ ከምታዩ ግድግዳው ዳር ካሉት መቀመጫዎች አንዱ እስኪለቀቅ ታገሱ። ማይክል አንጄሎ ያን ጣሪያ ከ1508 እስከ 1512 ነው የሣለው፣ እናንተ አሥራ አምስት ደቂቃ አትንፈጉት።

ቲኬት ላይ ቸልተኛ አትሁኑ። ሉቭርና የማድሪዱ ሬይና ሶፊያ ማክሰኞ ዝግ ናቸው፣ የፓሪሱ ኦርሴና ኡፊዚ ሰኞ። ሚላን የዳ ቪንቺን «የመጨረሻው እራት» ማየት የሚፈልግ ቀድሞ ካልያዘ አይገባም፤ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚያስገቡት፣ የሚሰጣችሁም 15 ደቂቃ ነው። አምስተርዳም የአን ፍራንክ ቤትም ቲኬቱ በኦንላይን ብቻ ነው። አልሐምብራ ቲኬቱ በስም ነው፣ ውስጡ ያሉት የናስሪድ ቤተ መንግሥቶች መግቢያ ሰዓትም ተቆርጦ ይሰጣል፣ ካመለጣችሁ አመለጣችሁ። ፕራዶ በየቀኑ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት በነጻ ያስገባል፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ማታ የሚከፍቱትን አስቡባቸው፤ ኦርሴ ሐሙስ፣ የለንደኑ ብሔራዊ ጋለሪ አርብ ያመሻሉ። ማታ ተማሪ የለም፣ አስጎብኚ ባንዲራ ይዞ የሚመራው ሕዝብም ይቀንሳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሁለቱንም ፓስፖርት ጠረጴዛ ላይ አውጡ። አንዳችሁ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ሌላችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ካላችሁ፣ ግሪን ካርዱ አውሮፓ አያስገባም፤ የሸንገን ቪዛ (የአብዛኛው አውሮፓ የጋራ ቪዛ) ያስፈልጋል። ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፣ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ጀርመን ወይም ጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ደግሞ ሸንገን ውስጥ ይዘዋወራል እንጂ ለንደን ለመሄድ ሌላ ቪዛ ያስፈልገዋል። ሆቴል ከፍለው አንዱ የቀረባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ለንደን ስል አንድ ነገር። ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈ የወርቅ ዘውድና ጽዋ አለው። ሄዳችሁ ለማየት ካሰባችሁ በዚያ ሰሞን ለዕይታ መቅረባቸውን ከሙዚየሙ ድረ ገጽ አጣሩ። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ግን ለሕዝብ አይታዩም፣ ስለዚህ ሠራተኛውን አትጠይቁ፣ አታድክሙት። ይህን ቀን ለብቻው ያዙት፣ ከሌላ ጉብኝት ጋር አትቀላቅሉት። አንዳችሁ ልትናደዱ፣ አንዳችሁ ዝም ልትሉ ትችላላችሁ፣ ስሜታችሁ አንድ ካልሆነ ምንም ማለት አይደለም። እዚህ ጋ ብቻ አብራችሁ ግቡ።

የቀረው የዘመድ ነገር ነው። በየከተማው የአክስት ልጅ አለን፣ የሠፈር ልጅ አለን። መድረሳችሁን በመጀመሪያው ቀን ካወቁ አለቀ፤ ፍቅራቸው ከሶፋ አያስነሳም፣ ሙዚየሙም ይዘጋል፣ ሳምንቱም ያልቃል። ሳይጠይቁ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ደውሉላቸው፣ ሻንጣችሁን ዘግታችሁ፣ የበረራውን ሰዓት ነግራችሁ። ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁንም ብለው መቆጣታቸው አይቀርም፣ ቻሉት።