የመርከብ ካርድ ልታወጣ ነው? ቆይ መጀመሪያ ስማኝ

ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቡና እየጠጣን አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ከመጣ ሦስት ዓመት አልሞላውም፣ ኡበር ነው የሚሰራው፣ ጎበዝ ልጅ ነው። የክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ ካምፓኒ ክሬዲት ካርድ ማስታወቂያ ነው፣ ሰማያዊ ባህር፣ ነጭ መርከብ ምናምን። "30 ሺ ፖይንት ይሰጣሉ ጋሼ፣ ላውጣው እንዴ?" አለኝ። ክሩዝ ሄደህ ታውቃለህ አልኩት፣ አያውቅም። ልትሄድ ቆርጠሃል? "አይ፣ እንደው አንድ ቀን..." አለ።

"አንድ ቀን" እያልን እኮ ነው ያለቅነው። እኔ እዚህ ዲሲ አካባቢ 22 ዓመቴ ነው፣ ፓርኪንግ ጀመርኩ፣ ከዛ ታክሲ፣ ከዛ ኡበር፣ እና መርከብ የተሳለበት ካርድ ኪሴ ውስጥ ስድስት ዓመት ይዤ ዞሬያለሁ። ስለዚህ ስለዚህ ጉዳይ ብቆጣም ብሳደብም መብቴ ነው፣ ከፍዬበታለሁ። ለልጁ ቡናው ሳይበርድ የነገርኩት ስላልበቃኝ ነው አሁን የምጽፈው።

1. ወረቀት

የአሳይለም (የጥገኝነት) ማመልከቻህ ገና ካላለቀ አድቫንስ ፓሮል፣ ማለትም ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ፣ ሳትይዝ መርከብ ላይ እንዳትወጣ፣ ባሃማስ ደርሶ መመለስ ሦስት ቀንም ቢሆን ከአሜሪካ መውጣት ነው፣ ማመልከቻህን እንደተውከው ይቆጠርብሃል። ግሪን ካርድ ያለህ ዋናውን ካርድ ያዝ፣ መርከቡ የሚቆምባቸው አገሮች ደሞ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ይጠይቁ እንደሆነ ቲኬት ከመግዛትህ በፊት አጣራ። የቀረውን ጠበቃህን ጠይቅ።

2. ሂሳቡ

እሺ ካርዱ። የሮያል ካሪቢያንና የኖርዌጂያንን ለዓመታት ያወጣው ባንክ ኦፍ አሜሪካ ነው፣ የካርኒቫልን ደሞ ባርክሌይስ። ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ብዙዎቹ የዓመት ክፍያ የላቸውም፣ የራሳቸው መርከብ ላይ ለምታወጣው ዶላር 2 ፖይንት (አንዳንዶቹ 3)፣ ሌላ ቦታ 1 ፖይንት፣ ፖይንቱ መርከብ ላይ ሲመነዘር አንድ ሳንቲም ገደማ ነው። ውሉን ስለሚቀያይሩት ስታመለክት ያለውን አንብበው፣ ግን ሂሳቡ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አሁን አስላው። በዓመት 12 ሺ ዶላር ቤንዚንና አስቤዛ በዚህ ካርድ ብትገዛ 12 ሺ ፖይንት ነው፣ ማለትም 120 ዶላር፣ እሱንም መርከቡ ውስጥ ለምትጠጣውና ለምትገዛው። ሲቲ ደብል ካሽ ወይ ዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ የሚባሉት ተራ ካርዶች ለዛው 12 ሺ 2 በመቶ፣ 240 ዶላር፣ በጥሬው ይሰጡሃል። ጤፍ ትገዛበታለህ፣ መብራት ትከፍልበታለህ። በጣም የሚገርመው ግን ይሄ ነው፣ 3 ሺ ዶላር የሚያወጣ ክሩዝ 2 ፖይንት በሚሰጠው የክሩዝ ካርድ ብትገዛ 6 ሺ ፖይንት፣ 60 ዶላር ታገኛለህ። በ2 በመቶው ካርድ ብትገዛው? 60 ዶላር። በገዛ ቤቱ እንኳን አያሸንፍም!

ታዲያ የሚጠቅመው ሰው የለም? አለ። ክሩዙን የያዘ፣ ዋጋውን ባንክ አካውንቱ ውስጥ ያስቀመጠ፣ ስቴትመንቱ (የወሩ የሂሳብ ወረቀት) ሲመጣ ባላንሱን፣ ማለትም ያለበትን ዕዳ፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፍል ሰው መግቢያው ላይ የሚሰጡትን ቦነስ ይውሰድና ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ይወርውረው። በተለይ ለጉርሻው ይረዳዋል፣ ምክንያቱም መርከብ ላይ ለሠራተኛ የሚቆረጠው ጉርሻ ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ነው፣ አራት ሆናችሁ ሰባት ሌሊት ካደራችሁ ወደ 500 ዶላር ይጠጋል፣ ይሄን ደሞ ማስታወቂያው ላይ ትልቅ አድርገው አይጽፉትም።

ቤት ልትገዛ ያሰብክ ግን አሁን ምንም ካርድ አትክፈት፣ የቤቱ ብድር (ሎኑ) እስኪያልቅልህ ታገስ።

እና ደሞ እውነቱን እንነጋገር፣ እኛ ገንዘብ ስናገኝ የት ነው የምንሄደው? ከደለስ ኤርፖርት ቦሌ አይደለም እንዴ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ ስታር አላያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ስላለ፣ ወደ ዩናይትድ ወይ ወደ ኤር ካናዳ የሚዘዋወር ፖይንት የሚሰጥ ካርድ ካለህ ቦታ ሲገኝ አዲስ አበባ ድረስ ቲኬት ይቆርጥልሃል። የመርከብ ፖይንት ቦሌ አያወርድህም።

3. "በኔ ካርድ እንያዘው፣ በኋላ ትሰጡኛላችሁ"

ይቺን አረፍተ ነገር በሕይወትህ እንዳታወጣት። የጓደኛችን 50ኛ ዓመት ልደት ነበር፣ ስድስት ሆነን ከባልቲሞር ወደ ቤርሙዳ፣ በነፍስ ወከፍ 900 ዶላር። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ 5,400ውን በኔ ካርድ ልምታው አልኩ፣ ፖይንቱ እንዲገባልኝ። 108 ዶላር ፖይንት ገባልኝ። አራቱ ከፈሉኝ፣ አንዱ እስካሁን "በዚህ ወር በዚህ ወር" እያለ ነው፣ ቤተክርስቲያን ስንገናኝ እኔ ነኝ አንገቴን የምደፋው፣ ይታያችሁ፣ አበዳሪው! ይሉኝታ ማለት ይሄ ነው። 900 ዶላሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ባንኩ ወለዱን ከኔ ነው የበላው፣ ባንክ ይሉኝታ አያውቅም።

4. ሐዋላ በክሬዲት ካርድ

እዚህ ላይ ጆሮህን ስጠኝ፣ ከላይ ያለውን ብትረሳው ግድ የለኝም።

ያን መርከብ ላይ ሳለን አንድ ማታ ሁሉም የሚለብስበት እራት አለ፣ ሱፍ ለበስን፣ ደረጃው ላይ የመርከቡ ፎቶ አንሺ አቆመንና አነሳን። ያጠራቀምኩትን 10 ሺ ፖይንት ወደ 100 ዶላር ቀይሬ ነበር፣ በሷ ፎቶዎቹን ገዛሁ። ሱፉ የተበደርኩት ነው፣ ፎቶው ላይ ግን አይታወቅም፣ ወርቃማ ደረጃ፣ ከኋላ ትልቅ መብራት። ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ስንት ሰው "ዘመንህ ይባረክ" እንዳለኝ!

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ደወለ። ባጃጅ ሊገዛ ነው፣ የተወሰነ አለው፣ የጎደለው በኛ ሲሰላ 3 ሺ ዶላር ነው። በሰዓቱ አካውንቴ ውስጥ የነበረው 640 ዶላር ነው፣ የቤት ኪራይ አምስት ቀን ቀርቶታል። "የለኝም" ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል። አላልኩም፣ "ችግር የለም፣ ነገ ይደርስሃል" አልኩት።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሥራ ገብቼ ኪችን ጠረጴዛ ላይ ጃኬቴን ሳላወልቅ የገንዘብ መላኪያውን አፕ ከፈትኩ፣ በምን ትከፍላለህ ይለኛል፣ ዴቢት ወይስ ክሬዲት። መርከቧን ነካኋት። እንደውም ደስ አለኝ፣ 3 ሺ ፖይንት ይገባልኛል፣ 30 ዶላር አተረፍኩ ብዬ ነው የተኛሁት። ጅል!

ስቴትመንቱ ሲመጣ ምን ሆኖ ጠበቀኝ፣ ባንኩ እንደ ግዢ አይደለም የያዘው፣ ካሽ አድቫንስ ብሎ ነው። ይሄን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ከክሬዲት ካርድ ገንዘብ ስትልክ ብዙ ባንክ ኤቲኤም ላይ ብር እንዳወጣህ ነው የሚቆጥረው። አንደኛ፣ እዛው በዛው 5 በመቶ ይቆርጣል፣ 150 ዶላር ሄደች። ሁለተኛ፣ ግዢ ላይ የምታውቀው ያለ ወለድ የመክፈያ ጊዜ እዚህ የለም፣ ወለዱ ከላክበት ቀን ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ወለዱ ከግዢው ይበልጣል፣ የኔው 30 በመቶ ገደማ ነበር። አራተኛ፣ ፖይንት አይሰጥም። ዜሮ። የ30 ዶላሯ ነገር እዛ ላይ አለቀች።

ዕዳው 3,150 ሆነ። እኔ በወር መቶ መቶ ዶላር መክፈል ጀመርኩ፣ ሚኒመሙን፣ ባንኩ ቢያንስ ክፈል የሚለውን፣ ካለፍኩ ጎበዝ ነኝ ብዬ። የወሩ ወለድ ብቻ ከ78 ዶላር በላይ ነው፣ ከመቶዋ ዋናውን የምትነካው ሃያ ምናምን ናት። ሁለት ዓመት፣ 24 ጊዜ ከፈልኩ፣ 2,400 ዶላር ማለት ነው፣ ዕዳው የቀነሰው ግን 700 እንኳን አይሞላም። በዛው ብቀጥል ኖሮ ከአምስት ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር፣ ጠቅላላው ደሞ ከ6 ሺ ያልፋል። ከታክስ የሚመለስልኝ ገንዘብ (ታክስ ሪተርን) መጥቶ ነው የገላገለኝ፣ ባለቤቴ ለልጆቹ ክፍል አልጋ ልትገዛበት አስባው የነበረውን። አልጋው ቀረ፣ ለምን እንደቀረም ያኔ አልነገርኳትም፣ ታክሱ ዘንድሮ ትንሽ ነው ብዬ ዋሸኋት። አያችሁ ውሸቱ እንዴት እንደሚዋለድ?

እና አሁን ስሙኝ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም። ለተዝካር፣ ለሠርግ፣ ለቆርቆሮ፣ ለዘመድ ሕክምና በካርድ የሚልክ ሰው በየቀኑ መኪናዬ ውስጥ ይሳፈራል፣ በስልክ ሲያወራ እሰማለሁ፣ "እሺ እሺ እልካለሁ" ይልና ስልኩን ዘግቶ በረጅሙ ይተነፍሳል። እዛ ያሉት ደሞ ዕዳ መሆኑን በምን ይወቁ? እኛ ነን እኮ የደበቅናቸው! መኪና ተደግፈን እንነሳለን፣ የባንክ መኪና ነው። ካርድ ክፉ አይደለም፣ ለክሬዲት ስኮርህ፣ ማለትም ለብድር ታማኝነት ነጥብህ፣ ያስፈልግሃል፣ በሰዓቱ መክፈል ብቻውን ከስኮሩ 35 በመቶ ነው። ግን ለኛ ካርዱ ሌላ ሥራ ነው የሰጠነው፣ "የለኝም" ከማለት እንዲያድነን። ለዛ ደሞ ፌደራል ሪዘርቭ እንደሚያወጣው ቁጥር ከ2023 ወዲህ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ወለድ እንከፍላለን። ለይሉኝታ የሚከፈል ወለድ።

መላክ አቁሙ አላልኩም፣ እኔም እልካለሁ። ካለህ ላይ ላክ፣ ከዴቢት ወይ ከባንክ አካውንትህ። ትልቅ ነገር ከሆነ ዕቁብ ግባ፣ እዚህም በየሰፈሩ አለ፣ ወለድ የለው ምን የለው፣ ተራህ ሲደርስ ትልካለህ፣ ጠያቂው ሦስት ወር ይጠብቅ፣ አይሞትም። የሚሞትበት ጉዳይ ከሆነ ደሞ እህት ወንድም ተሰብሰቡና ተካፈሉት፣ ለምንድነው ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው?

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ገብቼ ነበር። ደብረ ብርሃን ወንድሜ ቤት፣ ብርዱ እንደምታውቁት ነው፣ ጋቢ ደርበን አረቄ ይዘን አመሸን። ሞቅ ሲለኝ ጊዜ የባጃጁን ነገር አወጣሁት፣ ካርዱን፣ ወለዱን፣ አልጋውን ሁሉ። ዝም ብሎ ሰማኝና ብርጭቆውን አስቀመጠ። "አራት ወር ብትቆይ እኮ ዕቁብ ይደርሰኝ ነበር" አለ፣ "በሱ ልገዛው ነበር ያሰብኩት። 'አሁን የለኝም' ብትለኝ ምን ነበረበት?" ታዲያ ለምን ጠየቅከኝ አልኩት፣ ትንሽ ተናድጄ።

"ያን የመርከብ ፎቶህን አይቼ ነዋ" አለኝ። "በዛ ደረጃ ላይ ቆመህ፣ 3 ሺ ዶላር ላንተ ምንም መስላ ታየችኝ።"

ፎቶውን የገዛሁት በፖይንት ነው አላልኩትም። ምን ይደረጋል።

5. ዕዳ ውስጥ ያላችሁ

አሁን ባላንስ ያለባችሁ አዲስ ካርድ አትክፈቱ። ባንኩ ጋ ደውሉና ወለዱን እንዲቀንሱላችሁ ጠይቁ፣ መጠየቅ ነፃ ነው፣ አንዳንዴ ይቀንሳሉ። ሁለት ሦስት ካርድ ካለ ወለዱ የሚበዛውን አስቀድማችሁ ምቱት። ለትርፍ ያልቆሙ የክሬዲት አማካሪዎችም አሉ፣ በቲቪ "ዕዳችሁን እንሰርዛለን" ከሚሉት ጋር እንዳታደባልቋቸው። ሌላም ልጽፍ ነበር፣ ደከመኝ፣ ነገ በጠዋት ኤርፖርት ሰልፍ አለብኝ።

አንተ የእሁዱ ልጅ፣ ይሄን ካነበብከው ስቴትመንቶችህን ይዘህ ና፣ ሁሉንም፣ ሳትደብቅ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ቡናውን አንተ ነህ የምትከፍለው፣ በዴቢት።