ራዲያተሩ ጎድሎ የፕላስቲኩ ጠርሙስ ሲሞላ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ አንባቢ ካምፓላ ሥራ አግኝቷል። ቤተሰቡንና ዕቃውን ጭኖ፣ 5ኤል የሚባል የናፍጣ ሞተር ባለው ሃይሉክሱ በሞያሌና በናይሮቢ በኩል ሊሄድ ነው። መኪናው ዳገት ላይ የሙቀት ጌጁ ይወጣል፣ ሜዳ ላይ ይመለሳል። የሚንጠባጠብ ነገር የለም። ጠዋት ግን ራዲያተሩ ጎድሎ፣ ከራዲያተሩ የሚተርፈውን ውሃ የሚቀበለው የፕላስቲኩ ጠርሙስ ደግሞ እስከ አፉ ሞልቶ ያገኘዋል። አንዱ ጋራዥ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን ቫልቭ፣ አውጥቶ ጥሎታል። ሌላው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ አካልና በላይኛው ክዳኑ በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ብሎታል።

ወንድሜ፣ ቴስታታውን ገና አታስነካ። እኔ የጠረጠርኩት የራዲያተሩን ክዳን ነው። ውሃው ወደ ጠርሙሱ እየወጣ አይመለስም። የሚመልሰው ደግሞ ክዳኑ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ክዳኑን እንዳትከፍት። ፊትና ዓይን ያቃጥላል። ከራዲያተሩ አናት ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የላይኛውን የውሃ ጎማ በጨርቅ ይዘህ ጨመቅ አድርገው፤ ጠንክሮ ከተነፋ ጊዜው አይደለም።

ይህን ክዳን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተርህ የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ። ስፕሪንጉ የሚይዘው ግፊት ነው። ልክ እንደ ፕሬዠር ኩከር፣ ግፊቱ ሲያዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም። ክዳኑ ካልያዘ ግን ዳገቱ ላይ ይፈላል። እንፋሎቱ ቴስታታው ውስጥ የውሃውን ቦታ ይወስዳል፣ ጌጁም ይወጣል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውሃው ይሰበሰብና ይስባል። ያኔ ከክዳኑ ሥር ያለችው ትንሿ ቫልቭ ተከፍታ ከጠርሙሱ ትመልሳለች። ጠዋት የላይኛው ጎማ ተጣብቆ ካገኘኸው ቫልቯ ተዘግታ ቀርታለች። ጎማው ክብ ሆኖ ውሃው ከጎደለ፣ ወደ ጠርሙሱ የሚሄደው ቀጭን ጎማ ተሰንጥቆ ወይም የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ አየር ያስገባል።

አዲስ ክዳን ስትገዛ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። ሶማሌ ተራ ርካሹ ሞልቷል፤ ቆርቆሮው ስስ፣ ላስቲኩ ከማሸጊያው ሲወጣ ጀምሮ የደረቀ። ትንሿን ቫልቭ በጥፍርህ ሳብ አድርገህ ልቀቃት። ቶሎ ካልተመለሰች አትግዛው።

አዲስ ቴርሞስታት አስገባ። ይህ «ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታት አውጣ» የሚባል ነገር ስንት ሞተር ጨርሷል! በዚህ ሞተር ላይ የቴርሞስታቱ የታችኛው ክፍል ሲሞቅ አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ካወጣኸው የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ዳገቱን ያባሰብህም ይኸው ሊሆን ይችላል።

ጓርኒሲዮኑንም በነፃ መፈተሽ ትችላለህ። ጠዋት በቀዝቃዛው ራዲያተሩን ሞልተህ፣ ክዳኑን ዘግተህ አስነሳ። በ1 ወይም 2 ደቂቃ ውስጥ ጎማው ድንጋይ ከሆነ ጥፋቱ የጓርኒሲዮኑ ነው። ያኔ ሳታሠራ ከከተማ አትውጣ።

መንገዱ አይምርም። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሙቀትና ባዶ ሜዳ ነው። ከኢሲዮሎ ወደ ቲማው ረጅም ዳገት አለ። ከናኩሩ ወደ ኤልዶሬት ስትሄድም በቲምቦሮዋ በኩል ከከባድ መኪና ኋላ እየተንፏቀቅህ ትወጣለህ። 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ኩላንት፣ ትርፍ የላይኛ ጎማ ከነማሰሪያው፣ አንድ ቺንጊያ (የሞተር ቀበቶ) ያዝ። በኬንያና በኡጋንዳም የሚሠራውን የሦስተኛ ወገን መድን፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድንም ከዚሁ አውጣ። ኬንያና ኡጋንዳ በግራ ነው የሚነዳው፤ ስትቀድም የአንተ መሪ ዳር ላይ ይሆናልና አጠገብህ ያለው ሰው ይይልህ።

ጌጁ ከወጣ ማሞቂያውን ሙሉ ክፈተው፣ ማርሽ ቀንስ፣ ቀስ በል። እንፋሎት ካየህ ዳር ይዘህ አጥፋና ቢያንስ 1 ሰዓት ጠብቅ። ክዳኑን አትንካ! ልጆቹንም ከኮፈኑ አርቅ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ክዳኑንና ቴርሞስታቱን ከቀየርክ በኋላ ዕቃህን ጭነህ እንጦጦን ውጣ። ጌጁ ከመሃል ካልተነቃነቀ ተነሣ። አሁንም ከወጣ ራዲያተሩ ውስጡ በዝገት ተደፍኖ ይሆናል፤ አውርደህ አሳጥበው።