የዓይን ፎቶ ፈተናው 28 ስለሰጠሽ ብቻ የኦቲዝም ምርመራውን አትተይው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሦስቴ አነበብኩት። 31 ዓመትሽ ነው፤ ኦቲዝም ይኖርብኝ ይሆን ብለሽ ትጠረጥሪያለሽ። ኢንተርኔት ላይ የዓይን ፎቶ ፈተናውን፣ ማለትም የሰው ዓይን ብቻ የሚታይበትን ፎቶ እያየሽ ስሜቱን የሚገልጸውን ቃል ከአራት የምትመርጪበትን፣ ሠርተሽ ከ36ቱ 28 አገኘሽ። «ጭራሽ ከአማካዩ በላይ ነኝ፣ ታዲያ ምርመራ መሄዴ ምን ይጠቅመኛል?» ብለሻል። እኔ የተረጋገጠልኝ በ34 ዓመቴ ነው። በዚያ ፈተና 29 ነበር ያገኘሁት። በዚያ ቁጥር ሰበብ ሁለት ዓመት ስለባከነብኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

1. ቁጥሩን ተዪውና እንዴት እንዳገኘሽው አስቢ። የእንግሊዙ የኦቲዝም ተመራማሪ ሳይመን ባሮን ኮኸንና ባልደረቦቹ ፈተናውን አሻሽለው በ2001 ሲያወጡት ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች አማካይ 22 ገደማ፣ የሌሎቹ 26 ገደማ ነበር። አማካይ ነው እንጂ አጥር አይደለም። እኔ አንዱን ፎቶ ሁለት ደቂቃ ድረስ አይ ነበር። ቅንድቡ ወርዷል፣ ስለዚህ ይሄኛው ቃል ይሰረዝ። የዓይኑ ጥግ አልተሸበሸበም፣ ያኛውም ይሰረዝ። ልክ እንደ ሒሳብ። ቆሜ ከሰው ጋር ሳወራ ግን የሰውየው ፊት ሁለት ደቂቃ አይጠብቀኝም።

በኋላ ያገኘኋቸው ኒውሮሳይኮሎጂስት (አንጎል ከአስተሳሰብና ከባሕርይ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያጠና ባለሙያ) የሚያጠኑት ይህንኑ ነው፤ ኦቲዝም ያለበት አዋቂ የሌላውን ሰው ሐሳብና ስሜት እንዴት እንደሚረዳ። ማኅበራዊ ግንዛቤ ይሉታል። ውጤቴን አይተው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ምን ያህል ጊዜ ወሰደብሽ?» ብለው ነው። እዚያው አለቀስኩ። ያን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ተመራማሪው አትሱሺ ሰንጁና ባልደረቦቹ በ2009 ያወጡትን ጥናት ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው። አንድ ሰው ዕቃው የተደበቀበትን ቦታ ቢሳሳት የት ሄዶ ይፈልጋል? አስፐርገር (ዛሬ ኦቲዝም ውስጥ የሚካተት) ያለባቸው አዋቂዎች እንዲህ ተብለው ሲጠየቁ በትክክል ይመልሳሉ። ማንም ሳይጠይቃቸው ቪዲዮ ሲያዩ ግን ዓይናቸው ሰውየው ተሳስቶ ወደሚፈልግበት ቦታ ቀድሞ አልሄደም። የሌሎቹ ዓይን ቀድሞ ሄዷል። እኛ አስበን ነው የምንደርስበት። ማታ ቤት ስንገባ የሚጥለን ድካምም ከዚሁ ይመጣል።

2. ተለማምደሽ አትሂጂ። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ መዝጋቢዋ ስሜን ጠርታ «ልጁስ የታለ?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። የምመረመረው እኔ ነኝ ስላት «ለትልቅ ሰው ደግሞ ኦቲዝም አለ እንዴ?» ብላ አጠገቧ ያለችውን ጠየቀች። ፊቴ እየጋለ ገባሁ። ሳምንት ሙሉ ግን መልሶቼን መስታወት ፊት ቆሜ አጥንቼ ነበር። የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ፈገግ እንደምል ሳይቀር ወስኛለሁ። የሰው ዓይን ማየት ስለሚከብደኝ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ነው የማየው። እጄ ጠረጴዛው ሥር ሆኖ የሹራቤን ጠርዝ ያሻል። ባለሙያው 25 ደቂቃ አናገረኝ። «ዓይን ታያለሽ፣ ሥራ አለሽ፣ በፎቶው ፈተናም ጎበዝ ነሽ። ጭንቀት ነው» ብሎ መድኃኒት ጻፈልኝ።

እኔም አመንኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ።

ይሄ መሸፋፈን ማስኪንግ የሚሉት ነው። በ2013 የወጣው ዲኤስኤም 5 የተባለው የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ምልክቶቹ ከልጅነት መጀመር አለባቸው ይላል፤ ነገር ግን በኋላ በተማርናቸው ዘዴዎች ሊሸፈኑ እንደሚችሉ እዚያው ላይ ጽፏል። አንድ ባለሙያ ይህን አለማወቁ ዛሬም ያናድደኛል። ሁለተኛው ጊዜ ምንም አልተለማመድኩም። ኒውሮሳይኮሎጂስቷን «አሁን ዓይንዎን ሳይሆን ቅንድብዎን ነው የማየው» አልኳቸው። ብዕራቸውን አንስተው ጻፉ። አንቺም የምታደርጊውን እየነገርሽ አሳዪያቸው። ሌሎቹን ፈተናዎች ደግሞ ከወዲሁ ኢንተርኔት ላይ እየፈለግሽ አትሥሪ፤ ውጤቱ ይበላሽብሻል።

3. የልጅነትሽን ነገር ይዘሽ ሂጂ። እናቴን «ልጅ ሆኜ እንዴት ነበርኩ?» ስላት «ጸጥ ያልሽ፣ ጨዋ ልጅ» አለችኝ። ይሄ ለምርመራ አይረዳም። ቆይቼ «ስጫወት ምን አደርግ ነበር?» አልኳት። «የልብስ ቁልፍ በቀለም በቀለም ትደረድሪ ነበር። አንዷን የነካ እንደሆነ እስክትመለስ ታለቅሺ ነበር» አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታውቀዋለች፤ የጠየቃት አልነበረም። የአስተማሪ ማስታወሻ ያለበት የድሮ ሰርተፊኬት ካለሽም ፈልጊው።

ሌላው፣ ጥፋቱ ሁሉ ያንቺ አይምሰልሽ። ራሱ ኦቲዝም ያለበት ዴሚያን ሚልተን የተባለ ምሁር በ2012 አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን እንደሆነ ጽፏል፤ ኦቲዝም የሌለባቸውም እኛን ማንበብ ይቸግራቸዋል። ተመራማሪው ኖዋ ሳሰንና ባልደረቦቹ በ2017 ባወጡት ጥናት ሰዎች ኦቲዝም ያለባቸውን በጥቂት ሰከንድ ቪዲዮ ሲያዩ ከሌሎቹ ይልቅ አልወደዷቸውም። የተናገሩትን በጽሑፍ ብቻ ሲያነቡ ግን ልዩነቱ ጠፋ። መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ሲያገኙኝ «ትኮራለች» ይሉኝ ነበር። ከባዱ ደብዳቤ ሁሉ የሚመጣው ግን ለእኔ ነው፤ እንደ እኔ አጥርቶ የሚጽፍ የለም። ይህን በኩራት ነው የምናገረው።

ቀጠሮ ስትይዢ «ለአዋቂ ነው፣ ለራሴ ነው» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አዋቂ መርምረው እንደሚያውቁም ጠይቂ። ለሁለተኛው ቀጠሮዬ የጻፍኩት ሁለት ገጽ አለ፤ ከልጅነቴ እስከ አሁን ያለው ሁሉ አለበት። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ።