ልጅዎ ለሚሽን ጓቲማላ ከመሄዱ በፊት የልደት ወረቀቱን ቀን ይዩ

እናቴ፣ ጥያቄዎን ሁለቴ አነበብኩት። «ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ሞርሞን ከሆነ ሦስት ዓመት ሆነው። አሁን ለሁለት ዓመት ጓቲማላ ሊላክ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሳምንቱን እንዴት ነው የሚያሳልፈው? ስልክ ይፈቀድለታል? ምን ላዘጋጅለት?» ብለዋል። የገዛ እናቴ የጻፈችው ነው የመሰለኝ። እኔም እንደ ልጅዎ ሞርሞን (የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን አባል) ነኝ፤ ከሶልት ሌክ ሲቲ ነው የሄድኩት። እኔም የተመደብኩት ጓቲማላ፣ ኬትሳልቴናንጎ ነበር። የአገሩ ሰው ከተማዋን በአጭሩ ሼላ ይላታል። በፈረንጆቹ ከጁን 2023 እስከ ጁን 2025 በሚሽን፣ ማለትም በስብከት ተልእኮ፣ አገለገልኩ።

ስለ ነጭ ሸሚዝ፣ ስለ ክትባትና ስለ ሻንጣ ኪሎ ከቤተክርስቲያኒቱ ዝርዝር ይደርሰዋል። እሱን ልለፈው። እኔን ያቃጠለኝን ልንገርዎት።

1. የልደት ምስክር ወረቀቱንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቀኑን ያመሳክሩ። ስሙን ብቻ አይዩ። ቀኑን ይዩ።

እኔ የተወለድኩት ጥር 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ ጃንዋሪ 12 ቀን 2004 ይሆናል። ብዙ ሰው ጥር 3ን ጃንዋሪ 11 ብሎ ይጽፋል። በአብዛኛው ዓመት ትክክል ነው። 1995 ግን ጳጉሜን ስድስት ቀን የሆነችበት ዓመት ነበር። ስለዚህ የ1996 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። እስከ የካቲት ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ተገፋ። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ትክክለኛው 12 ነው።

አሮጌው የልደት ወረቀቴ በእጅ የተጻፈ ነበር። ለጓቲማላ መኖሪያ ፈቃዱ አዲስና የተረጋገጠ አምጣ ተባልኩ። እናቴ አዲስ አበባ ላለው አጎቴ ውክልና ላከች። አጎቴ ተሰልፎ አወጣልኝ። ፎቶውን በቴሌግራም ሲልክልኝ የስሜን ፊደል አየሁ፣ የአባቴንም አየሁ፣ «ልክ ነው አጎቴ፣ እግዜር ይስጥህ» አልኩት። ቀኑ ግን ጃንዋሪ 11 ይላል። እኔ አላየሁትም። እናቴም አላየችውም።

ወረቀቱ ከተላከ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። አንድ ቀን ስለተለያየ የሁለቱ ሰነዶች ባለቤት አንድ ሰው መሆኑ አልታመነም። አብረውኝ ሜክሲኮ ሲቲ ስፓኒሽ የተማሩት ልጆች ወደ ጓቲማላ በረሩ። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ወደ አሜሪካ ተመለስኩ። ወረቀት የሚጠብቅ ሚስዮናዊ በጊዜያዊነት ሌላ ቦታ ይመደባል። ሰባት ሳምንት እንደዚያ ቆየሁ። ደግ ሰዎች ነበሩ የተቀበሉኝ። ግን በየማለዳው ስነቃ ቦታዬ እዚህ አይደለም እያልኩ ነው የምነሳው።

አጎቴ ደግሞ ለማስተካከል ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሷል። ቢሮውን በስም አልጠራም። መጀመሪያ ሲስተም የለም ተባለ። ቀጥሎ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ቀጥሎ ፋይሉ አልተገኘም። አጎቴ ጉልበቱን ያመዋል፤ ደረጃውን ግድግዳ ይዞ ነው የሚወጣው። አንዲት ሠራተኛ ደግሞ ሰው ፊት «አንድ ቀን ምን ለውጥ አለው? ተወልዷል አይደል!» ብላ ሳቀችበት። እዚያ ስህተቱን የጻፉት እነሱ ናቸው። ይቅርታ ያለው ግን አጎቴ ነበር። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጅዎ አሁን 19 ከሆነ የተወለደው 1998 ወይም 1999 አካባቢ ነው፤ የኔ ዓይነት ጳጉሜን አትነካውም። ቢሆንም የሚጽፈው ሰው በተቃራኒው አንድ ቀን ጨምሮ ሊሳሳት ይችላል። ስህተት ካለ አሁኑኑ ውክልና ይላኩ። የመሄጃው ቀን ሲደርስ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

2. ስሙን እንዴት እንደሚያስረዳ ያስጠኑት። ስፓኒሽ ተናጋሪ አገር ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ አንዱ ከአባቱ፣ አንዱ ከእናቱ። ቅጹም ሁለት ቦታ ይጠይቃል። የኛ ደግሞ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። «የእናትህ ስም የት ሄደ?» ይሉታል። «እናቴ በአባቷ ስም ነው የምትጠራው» ሲል ያልተጋቡ ወላጆች ልጅ ይመስላቸዋል። እኔ በመጨረሻ ለማንም የምለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፦ በኛ አገር ሰው የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይሄዳል። ይኼን ሲሰሙ ይወዱታል።

ሌላም ነገር አለ፣ እናቴ። ደረቱ ላይ የሚለጥፈው ጥቁር ባጅ «ኤልደር» (የወንድ ሚስዮናዊ መጠሪያ ነው) ይልና የመጨረሻ ስሙን ይጽፋል። በኛ የመጨረሻው ስም የአያት ስም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም በራሴ ስም አልጠራኝም። አያቴ ቄስ ነበሩ። እናቴ ባጁን ያየች ቀን ክፍሏ ገብታ አለቀሰች። የቄሱ ስም በሌላ ቤተክርስቲያን ባጅ ላይ መጻፉ አቃጠላት። እኔም ምን እንደምላት አላወቅኩም። በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እርስዎም ያ ቀን ሊመጣብዎት ይችላል። ማልቀስ ከፈለጉ ያልቅሱ። ግን ሳይስሙት አይላኩት። የኔ እናት ስማኝ ነው የላከችኝ፤ ሁለት ዓመት ያቆመኝ እሱ ነው።

3. ሰኞ የእርስዎ ቀን ነው። ስልክ ይፈቀዳል ወይ ላሉት፣ ከፌብሩዋሪ 2019 ወዲህ በየሳምንቱ ቤተሰብ ጋር መደወል ተፈቅዷል። ከዚያ በፊት በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር። ሰኞ አብዛኛውን ጊዜ የዝግጅት ቀን ነው። ልብሱን «ፒላ» በሚሉት የሲሚንቶ ማጠቢያ በእጁ ያጥባል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ፀጉሩን ይቆረጣል፣ ኢሜይል ይጽፋል፣ ይደውላል። ሰኞ ሥራ ካለብዎት ፈረቃዎን ይቀይሩ። የኔ እናት ቀይራለች። ጓቲማላ የሰዓት ለውጥ የላትም። የሶልት ሌክ ሰዓት ሲቀየር አንዳንዴ እኩል ናችሁ፣ አንዳንዴ እነሱ በአንድ ሰዓት ይቀድማሉ።

ሌላው ቀን እንደዚህ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል። ይጸልያል፣ ያነብባል፣ ስፓኒሽ ያጠናል። ከዚያ እስከ ማታ ሰው ቤት ለሰው ቤት ነው። ማታ 4 ሰዓት ተኩል መብራት ይጠፋል። ብቻውን አይሆንም፤ ሁልጊዜ አንድ ጓደኛ ይመደብለታል። በየስድስት ሳምንቱ ዝውውር አለ፤ ጓደኛው ወይም ቦታው ሊቀየር ይችላል። ወጪውን በተመለከተ ከአሜሪካ ለሚሄድ በወር 500 ዶላር ነው። ካቃታችሁ የሚያመልክበት ደብር ስለሚያግዝ ልጁ ኃላፊዎቹን ያናግር።

ሰኞ ሲደውል ግን «በላህ? ከሳህ?» ብለው አይጀምሩ። ለምን እንደምልዎት ልንገርዎት። ጓቲማላ የደረስኩት በእኛ አዲስ ዓመት ሰሞን ነው። የነጻነት በዓላቸው ሴፕቴምበር 15 ነው። በዋዜማው ወጣቶቹ ችቦ ይዘው በመንገድ ሲሮጡ ደመራ ትዝ አለኝና ሆዴ ባባ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላኝ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 2023፣ መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። የተመረጠው ፕሬዚዳንት አሬቫሎ ሥልጣን እንዳይዝ እየተደረገ ነው ብለው የነባር ሕዝቦች መሪዎች ሰልፍ ጠሩ። ከፊት ከነበሩት አንዱ የቶቶኒካፓን ሕዝብ ነው፤ ያ ደግሞ ከሼላ አጠገብ ነው። ጋዝ ጠፋ፣ እንቁላል ጠፋ። ከቤት እንዳትወጡ ተባልን።

ሰኞ እናቴ ስትደውል የመጀመሪያ ቃሏ «በልተሃል?» ነበር። «አዎ፣ በደንብ» አልኳት። የበላሁት በጨው የተቀቀለ ሩዝ ነው። ዜናውን በፌስቡክ አየችው። በሚቀጥለው ሰኞ ስታለቅስ አገኘኋት። «ልጄ ከዋሸኝ ማንን ላምን?» አለችኝ። ያ ቃል ከራቡ የባሰ ነበር። ከዚያ በኋላ ተስማማን፤ እሷ መጀመሪያ ስለ ሰው ትጠይቀኛለች። «ዛሬ ማን ቤት ገባህ?» ትላለች። እኔም ስለ ሰው ሳወራ የራሴም ሁኔታ ሁሉ ይወጣል። ይኼን ይሞክሩት።

ምግቡ አያሳስብዎት። ቶርቲላ በእጅ ነው የሚበላው፤ ለእንጀራ ልጅ አይከብደውም። «አቶል» የሚሉት የበቆሎ መጠጥ አጥሚት ነው በሉት። ሼላ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ 2,300 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ወፍራም ሹራብ ይያዝ። ሰው ጓቲማላ ሲባል ሙቀት ብቻ ይመስለዋል።

የከበደኝ ቡናው ነው። የኛ ቤተክርስቲያን ቡናና ሻይ አትፈቅድም። ጓቲማላ ደግሞ ማታ ማታ ቡና በጣፋጭ ዳቦ ይቀርባል። እርስዎ ያውቁታል፣ በኛ ባህል የቀረበን ቡና እምቢ ማለት ሰውየውን እምቢ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን «አይ አመሰግናለሁ» ብዬ ስኒውን ስመልስ ፊታቸው ሲቀየር አያለሁ። በኋላ እውነቱን መናገር ጀመርኩ። «እኔ የቡና አገር ልጅ ነኝ። እናቴ ቆልታ፣ አጭሳ ነው የምታፈላው። ግን ለእግዚአብሔር ቃል ገብቻለሁ» እላለሁ። አንዲት አሮጊት ይኼን ሲሰሙ ተነስተው አቶል አሞቁልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄድኩ ቁጥር አቶሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል።

ቋንቋው ላይ ልጅዎ አማርኛ በደንብ ከቻለ ደስ ይበልዎት። «ኝ» ለኛ አዲስ አይደለም። «እርስዎ» ማለትንም ያውቃል፤ እዚያም ለትልቅ ሰውና ለማያውቁት ሰው «ኡስቴድ» ይባላል። ዙሪያ ገባው መንደር ግን አሮጊቶቹ ኪቼ የሚባል የማያ ቋንቋ ነው የሚናገሩት። የኪቼ ድምፅ «ቀ» አለው፣ «ጠ» አለው፣ «ጨ» አለው፣ «ጸ» አለው። አሜሪካዊ ጓደኞቼ ለወራት ሲታገሉት እኔ በመጀመሪያው ቀን አልኩት። አሮጊቶቹ ቃሉን ደጋግመው እያስጠሩኝ ጎረቤት ይጠሩ ነበር። «ማልትዮሽ» ማለት አመሰግናለሁ ነው፤ ይኼን ይዞ ይግባ። አማርኛ ለዚህ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቤት ውስጥ አማርኛ አውሩት፣ እስከሚሄድ ድረስ።

በር የሚዘጋበት ሰው ብዙ ነው፤ አልደብቅዎትም። ሙሉ ሳምንት ዞሮ እሑድ ማንም ያልመጣበት ጊዜ አለ። እኔ ያኔ አጽናኝ ቃል አልፈለግኩም። እናቴ በቪዲዮ ሽሮ ስታማስል ማየት ብቻ ነበር የፈለግኩት። እሷም ገባት፤ ስልኩን ምድጃው አጠገብ ታቆመዋለች።

ስምንተኛው ወር ላይ ይመስለኛል፣ እያወራን ሳለ አከራያችን ከውጭ «ኤልደር» ብለው በአያቴ ስም ጮክ ብለው ጠሩኝ። እናቴ ዝም አለች። ከዚያ «አባባ፣ ስማቸው እዚያ ድረስ ሄደ?» አለችና ሳቀች። ደግመው እንዲጠሩኝ አድርግ አለችኝ። አከራያችንን ለመንኳቸው፤ ሦስት ጊዜ ጠሩት።

እናቴ፣ ዛሬ ማታ ሁለቱን ወረቀት ያውጡ። ቀኑ ከተለያየ የኢትዮጵያውን ቀን ከነዓመተ ምህረቱ እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ከፈረንጁ ጋር አመሳክሬ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ እነግርዎታለሁ። አጎቴም የትኛው መስኮት ጋ በጠዋት መሄድ እንደሚሻል አሁን በቃሉ ያውቀዋል፤ ጠይቄ እጽፍልዎታለሁ።